መሀል ላይ የቆመው መርፌ

አባቴ የሞተው እኔ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ የመኪና ኤሌክትሪክ በምሠራበት ዘመን ነው። መርዶው ሲደርሰኝ ቀብሩ አልፏል። ዓባይን ተሻግሬ፣ ከደጀን ወዲህ በጭነት መኪና አናት ላይ ሆኜ ቢቸና ስገባ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ነበር። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ "መጣህ?" አለኝ።

አባታችን ቁም ጸሐፊ ነበር። ብራና ይፍቃል፣ ቀለም ይበጠብጣል፣ ዳዊት ይጽፋል፣ የጻፈውንም ራሱ ይደጉሳል። ጽሕፈቱን ከልጆቹ ማንም አልወረሰውም። ወንድሜ ግን ድጉሰቱን ተምሮ፣ አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ብራናውን በሰም በታሸ ክር የሚሰፋው እሱ ነበር። እኔ ገና በጠዋቱ ትዕግሥት የለውም ተብዬ ከመደቡ ተባርሬያለሁ። ወንድሜ በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ፣ ሲገባ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ ነው ያደግሁት።

የአባታችን አርባ እንደወጣ ወንድሜ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ያሰበውን ነገረኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት አሮጌ ጂፕ ከመንገድ ሠሪዎች ሰፈር በሐራጅ ገዝቶ፣ ሾፌር ቀጥሮ፣ በበጋ ከቢቸና ሞጣ ሰው ያመላልስባት ነበር። ሾፌሩ ያን ሰሞን ጥሎት ሄዷል። እሱ መንዳት አይችልም።

"አንተ መሬት አታርስም፤ እኔ መኪና አልነዳም" አለኝ። "ለሁለታችንም እግዜር በየሙያችን ሰጥቶናል። ለምን እናደበላልቀዋለን?"

ሐሳቡ ከአባታችን ርስት የሚደርሰኝን ድርሻ ልተውለትና መኪናዋን ልውሰድ ነው። መሬቱ ጥቁር የጤፍ መሬት ነው፤ በቢቸና ዙሪያ እንዲያ ያለ አፈር የያዘ ሰው የማይለቀው። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔን መሬቱ አልታየኝም። አዲስ አበባ በሰው መኪና ሆድ ሥር ተጋድሜ ስኖር የራሴ የምለው አንድ ጎማ አልነበረኝም። እናቴም ልጄ ከደጄ ሊኖርልኝ ነው ብላ አለቀሰች። ያ ለቅሶ ከሁሉ በላይ አሸነፈኝ። ለጋራዡ አልመለስም ብዬ ላክሁባቸው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡልን። ነገሩን የያዙት የቤታችን የንስሐ አባት፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ የነበሩ ቄስ ናቸው። በመስቀላቸው ፊት ተማምለን ይሁን ተባባልን። ሊያሳርጉ ሲሉ ወንድሜ እጁን አነሣ።

"አንድ ነገር ልናገር፤ ኋላ እንዳልታማ" አለ። "ከመሪው ፊት ያለው ሁሉ አንዳንዴ ይሞታል። ነዳጅ መለኪያውም፣ መብራቱም። ለሱ ሙያው ነው፤ ከባድ አይሆንበትም።"

ሽማግሌዎቹ ስለ ቅንነቱ አመሰገኑት። እኔም ወንድም ማለት ይኼ ነው ብዬ በልቤ ኮራሁ። ወደ ማታ ላይ ቁልፉን ሲሰጠኝ ሞተሩን አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ ጨርቅ ይዞ መስታወቷን እየወለወለ ጠበቀኝ። ሞተሩን ቆሜ አዳመጥሁት፤ ድምፁ ጤነኛ ነበር። ከፊት ያለው ሰሌዳ እንዳለው ሙት ነው፤ አንድም መርፌ አይነቃነቅም።

በማግሥቱ ጠዋት እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራዬን ጀመርሁ። እኛ ባለ ሙያዎቹ ክሩስኮት የምንለውን፣ የነዳጁና የሙቀቱ መለኪያ የሚደረደርበትን ሰሌዳ ብሎኖቹን ፈትቼ ወደ መሪው አዘነበልሁት። ጀርባው የሸረሪት ድርና የዓመታት አቧራ ነበር። የምመረምርበት መሣሪያ ሁለት ሽቦ የበየድሁባት ትንሽ አምፖል ናት። አንዱን ሽቦ ከመኪናው ገላ አስነክቼ በሌላው ኤሌክትሪኩ የት ድረስ እንደሚሄድ እጠይቃለሁ፤ ካለ ትበራለች፣ ከሌለ ትጨልማለች። ባትሪው ላይ በራች። ቫልቮላው፣ ሽቦው ሲግል የሚቃጠለው መጠበቂያ፣ ደህና ነው። ቁልፉ ጋ በራች። ከሰሌዳው ጀርባም በራች። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ይመጣል፤ ታዲያ መርፌዎቹ ለምን ይተኛሉ?

ቀጥዬ የአምፖሏን አንድ ጫፍ ከመኪናው ገላ አንሥቼ ከራሱ ከሰሌዳው ብረት አስነካሁት። ጠፋች። ያን ጊዜ ገባኝ። ኤሌክትሪክ መምጫ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል፤ የሰሌዳውን መመለሻ ከመኪናው ገላ ጋር የሚያስረው ሽቦ ተበልቷል ማለት ነው። ሽቦውን ተከትዬ ብሎኑን አገኘሁት፤ ዝገት ውጦታል። በቢላ ብረቱ እስኪያበራ ፍቄ፣ ጫፉን ቆርጬ አዲስ አድርጌ አሠርሁት። ቁልፉን ሳዞር የነዳጁ መርፌ ብድግ አለ፤ የዲናሞዋ ቀይ መብራት ቦግ አለች። የራሴን መኪና መጀመሪያ ያከምሁባት ቀን ናትና ልቤ ሞላ።

ከዚያ የሙቀቱን መርፌ አየሁት። ቀስ ብሎ ተነሥቶ፣ ልክ መሀሉ ላይ ደርሶ ቆመ።

ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ ያደረ ነው። ኮፈኑ ላይ ጤዛው አልደረቀም። ቁልፉን አዞርሁ እንጂ ሞተሩን እንኳ አላስነሣሁትም። እንዲህ የቀዘቀዘ ሞተር መርፌው ከታች ተኝቶ መቅረት አለበት።

አንድ ብልሽት ያልኩት ሁለት ነው ብዬ እንደገና ተንበረከክሁ። የነዳጁና የሙቀቱ መለኪያ ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት ከአንድ መመጠኛ ነው። እሱ ቢበላሽ ሁለቱም ይዋሻሉ፤ ግን እንጨት ነክሬ ነዳጁን ስለካው መርፌው ካሳየኝ ጋር ገጠመ። ስለዚህ የሚዋሸው የሙቀቱ ብቻ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ ላይ ከተሰካው ሙቀት መለኪያ ሽቦውን ነቀልሁ። መርፌው መውደቅ ነበረበት፤ አልወደቀም። ሽቦውን ከመኪናው ገላ አስነካሁት። መርፌው እስከ ቀዩ መዝለል ነበረበት፤ ንቅንቅ አላለም። እጄ ላይ ያለው ሽቦ ከመርፌው ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም።

አሁን ከመርፌው ጀርባ ተነሥቼ ወደ ሞተሩ መሄድ ጀመርሁ። ሽቦው ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ወደ ሞተሩ በማለፍ ፈንታ ከሰሌዳው ሥር ወደ ተለጠፈው ጨርቅ ታጠፈ። ጨርቁን ገለጥሁት። ከአሮጌ ሬድዮ የወጣ ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ ጫፉ ከመርፌው፣ ሌላው ከመኪናው ገላ ጋር ታስሯል። የዚያች ጥቅል ሥራ አንድ ነው፤ ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢነድም መርፌውን መሀል ላይ አቁሞ መያዝ። ወደ ሞተሩ የሚሄደው እውነተኛው ሽቦ ተቆርጦ ከጎኑ ተሸጉጧል።

ይኼን የሠራ ሰው ሙያ ያውቃል፤ ሾፌሩ ነው አልሁ። ግን መገጣጠሚያው ሽቦ በሚታሸግበት ናስትሮ አልተጠቀለለም። በቀጭን ብራና ተጠቅልሎ፣ ሰም በታሸ ክር ተሰፍቷል። ስፌቱ ጥራዝ ከእንጨት ገበታው ጋር ሲጋጠም የሚሰፋው ዓይነት፣ በየእርምጃው ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚቆለፍ ነው። አባቴ ሲያስተምረው ከመደቡ ሥር ሆኜ አይቻለሁ። በሰሌዳው ሥር ተኮራምቼ፣ ያንን ስፌት በአውራ ጣቴ እየዳበስሁ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ቁርስ ብላ ስትጠራኝ እጄ ቆሽሿል አልኋት።

ሰው ማመን የማይፈልገውን ላለማመን ብዙ ምክንያት ያገኛል። መለኪያው ተበላሽቶባቸው ይሆናል፤ ሾፌሩ መርፌው ወድቆ ተሳፋሪ እንዳይፈራ ብሎ ያደረገው ይሆናል፤ ሾፌሩ ስፋልኝ ሲለው ወንድሜ ዝም ብሎ ሰፍቶለት ይሆናል። ብራናውን ፈትቼ ኪሴ ከተትሁ። ጥቅሉን አውጥቼ እውነተኛውን ሽቦ ቀጠልሁት። ለሞጣ ገበያ ለመሄድ ያነጋገሩኝ ሰዎች ስለነበሩ በማግሥቱ ጭኛቸው ወጣሁ።

እስከ ደብረ ወርቅ ሜዳው ደህና ወሰደን። መርፌው እንደ ደንቡ ከታች ተነሥቶ፣ ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ መሀል ላይ ቆየ። በከንቱ ጠረጠርሁት እያልሁ ራሴን ወቀስሁ። ጉንደ ወይን ሳንደርስ ያለውን ድንጋያማ ዳገት ስንጀምር ግን መርፌው መውጣት ያዘ። ማርሽ ቀነስሁ፤ አልሰማኝም። ቀዩን ነካ፣ አለፈው፣ ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ፈነዳ። አቆምሁ።

ተሳፋሪው አንድም ሰው ሳይደናገጥ ወረደ። ይኼ ነው የገረመኝ። አንዲት ወይዘሮ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ዛፍ ጥላ ሄዱ። ሁለት ጎልማሶች ቆርቆሮ አንሥተው ሳልልካቸው ወደ ወንዙ ወረዱ። ከጎኔ ተቀምጠው የመጡት የሞጣ ነጋዴ፣ ጣቃ አቡጀዲ የጫኑ እስላም ሽማግሌ፣ ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ። "ይቺ መኪና ድሮም እዚህ ላይ ትቆማለች። ውሃ እየጠጣች ነው የምትሄደው። ወንድምህ አልነገረህም?"

አልነገረኝም አልኋቸው። ሽማግሌው ካፋቸው ያወጡትን ቃል መመለስ እንደሚፈልግ ሰው ዞረው ጣቃቸውን ያስተካክሉ ጀመር።

ዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አየሁት። ዘይቱ ነጥቷል፤ አጓት መስሏል። ውሃና ዘይት ተቀላቀሉ ማለት ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ለእንዲያ ዓይነት ሞተር መለዋወጫ ከአዲስ አበባም ላይገኝ ይችላል። አገሩ ሁሉ፣ ውሃ ቀጂው ሳይቀር የሚያውቀውን ነገር ሳላውቅ የቀረሁት እኔ፣ ባለ ሙያው፣ ወንድምየው ነኝ። ከዚያ ዳገት ላይ የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም፤ እፍረት ነው። ተሳፋሪዎቹ በእግራቸው ጉንደ ወይን ገቡ። መኪናዋን ኋላ አንድ የጭነት መኪና ጎትቶ ሞጣ አደረሳት። እኔ ከነጋዴዎች ጋር በበቅሎና በእግር ወደ ቢቸና ተመለስሁ።

ወንድሜን ያገኘሁት ከማሳው ዳር ነው፤ ትናንት የኔ ከነበረው ላይ። ጥማዱን ከሚይዝለት ሰው ርቆ ድንበሩን በድንጋይ እያስተካከለ ነበር። ብራናውን ከኪሴ አውጥቼ በመዳፌ ዘርግቼ አሳየሁት። አልተቀበለኝም፤ አልደነገጠምም።

"ጋሼ፣ የርስዎ እጅ ነው ይኼ?" አልሁት።

"የኔ ነው" አለ። "ሾፌሩ ሽቦውን አሠረ፤ ናስትሮ ስላልነበረ ሰፋሁለት።"

"ለምን እንደታሰረ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ይዋሻል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። የያዝሁት መልስ ሁሉ ለውሸቱ ነበር። ድንጋዩን አስቀምጦ እጁን አራገፈ።

"አባታችን ሽባ ሆኖ ሲተኛ የት ነበርህ?" አለኝ። "እያገላበጥሁ ያጠብሁት እኔ ነኝ። ያጎረስሁት እኔ ነኝ። አንተ በዓመት በዐውደ ዓመት አሞሌ ጨው እንደሚያቀብል እንግዳ ብቅ ትላለህ። ከዚያ መጥተህ እኩል አካፍሉኝ? የመሬቱ ዋጋ ባባታችን አልጋ ሥር ነው የተከፈለው። መኪናዋንም ደብቄ አልሰጠሁህም፤ በግላጭ አቁሜልህ፣ ሙያህን ይዘህ አየኻት። ካላየህ እኔ ምን ላድርግህ?"

"አንተ" አልሁት። ታላቄን አንተ ያልሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው። "አንተ እኮ ብትጠይቀኝ መሬቱን እንዲያው እተውልህ ነበር።"

ይኼ እውነት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቀውም። እሱም ያመነኝ አልመሰለኝም። ጥማዱ ወዳለበት ሄደ።

ሽማግሌዎቹን እንደገና ሰበሰብሁ። የመርፌውን ነገር፣ የጥቅሉን ነገር፣ ሽቦው ከየት ተቆርጦ የት እንደታሰረ መሬት ላይ በእንጨት እየሣልሁ አስረዳሁ። በአክብሮት አዳመጡኝ፤ አንዳቸውም አልገባቸውም። በመጨረሻ ብራናውን ለንስሐ አባታችን አቀበልኋቸው። አገላብጠው ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ከዘይቱ እድፍ ሥር፣ እኔ ያላስተዋልኋቸው፣ በቀይ ቀለም የተጻፉ ፊደላት ነበሩ። አባቴ ሳይጨርሰው ከቀረው ዳዊት የተቆረጠ ቅዳጅ ኖሯል።

"ይኼ የወዳጄ እጅ ነው" አሉ ቄሱ። ሳሙት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ልቤ ተነሣ። አሁን ፍርድ መጣ አልሁ።

ፍርድ መጣ። ወንድሜን አስነሥተው፣ የተቀደሰ ጽሕፈት ቆርጠህ በመኪና ቅባት ውስጥ እንዴት ትጠቀልልበታለህ ብለው ገሠጹት። ወንድሜ እግራቸው ላይ ወደቀ። አለቀሰ፤ የውነት ለቅሶ ነበር፤ ለአባቱ ጽሕፈት አለቀሰ። ጾምና ስግደት አዘዙት። መስቀላቸውን ተሳልሞ ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ትሕትናው ልባቸውን ነክቶት ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"የመኪናው ነገር ግን ልጄ" አሉ ቄሱ፣ "በመስቀል ፊት ተማምላችሁበታል። ጉድለቱን ነግሮሃል፤ ሰምተናል። የቀረውን ባለ ሙያው አንተ ካላየኸው እኛ ከየት እናየዋለን?"

ብራናውን አልመለሱልኝም። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ይቀመጣል ተባለ።

ያን ዕለት እናቴ ከማጀት ወጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ወንድሜን ትረግመዋለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ አንድ ቃል ግን ጠብቄ ነበር። እጄን ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ የምኖረው ከሱ ጋር ነው፤ የሚጦረኝ እሱ ነው። ተወው ልጄ" አለችኝ። አልፈረድሁባትም። ግን ከሁሉ የመረረኝ ያ ነው። በደሉን ወንድሜ ሠራው፤ ተወው ያለችኝ እሷ ናት።

አዲስ አበባ ልመለስ ብል ቦታዬን ሌላ ይዞታል። ሞጣ ሄድሁ። እኒያ የአቡጀዲ ነጋዴ ሽማግሌ ከመደብራቸው ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሰጡኝ። መኪናዋን እዚያው አቁሜ አካሏን እየፈታሁ ለሌሎች መኪናዎች አደረግኋት፤ ዲናሞዋ ለአንዱ፣ መብራቷ ለሌላው። የሞጣን መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ሁሉ እኔ ጋ መምጣት ጀመሩ። መርፌው ይንቀጠቀጣል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ቫልቮላ ይቃጠላል እያሉ ያመጡልኛል። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ኑሮ ሆነኝ። ግን የማንንም ቃል ተቀብዬ አላውቅም። ሾፌሩ ብልሽቱ እዚህ ነው ካለኝ ከሌላው ጫፍ እጀምራለሁ። አንዳንዱ ሾፌር ሰውን እንዲህ መጠራጠር እንደ በሽታ ነው ሲለኝ እስቃለሁ። ሚስት ባገባ እሷንም ከሌላው ጫፍ የምመረምራት መስሎ ስለታየኝ ይሆን፣ አላገባሁም።

ንጉሡ ወርደው የመሬቱ አዋጅ ሲታወጅ ወሬው ሞጣ የደረሰው በሬድዮ ነው። የወንድሜ ማሳ ተሸንሽኖ ለገበሬዎች ተከፋፈለ፤ የኔም ድርሻ የነበረው አብሮ። ነጋዴው ሽማግሌ ሄደህ ወንድምህን አጽናና አሉኝ፤ ወንድም ወንድም ነው አሉ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። አልሄድሁም።

ወንድሜ ራሱ መጣ። አንድ የገበያ ቀን በአውቶቡስ መጥቶ ከጥላዬ በር ላይ ቆመ። ጠጉሩ ነጥቷል፤ ጀርባው ጎብጧል። ተነሥቼ ወንበር ሰጠሁት፤ ከምግብ ቤት ምሳ አስመጣሁ። በአንድ ትሪ በላን። ሥራ እንዴት ነው አለኝ፤ ደህና ነው አልሁት። እናታችን ዓይኗ እየደከመ መሆኑን ነገረኝ። ይቅርታ የሚል ከሆነ ምን እንደምመልስ እንጀራውን እየቆረስሁ ሳስብ ቆየሁ። አልጠየቀም። ምናልባት እሱም የኔን ይቅርታ ይጠብቅ ነበር፤ በአባታችን አልጋ አጠገብ ስላልተገኘሁ። አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ እጁን ታጥቦ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ የተያየነው በእናታችን ቀብር ላይ ነው። ቃሬዛውን እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተሸከምን። ሣልስቱ ሲወጣ እሱ ወደ ቤቱ ገባ፤ እኔ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ለመጠበቅ መንገድ ዳር ወጣሁ። እስከ ማታ አንድም መኪና ሳያልፍ ቀረና መንገዱን በእግሬ ጀመርሁት።